ኑግ ተብሎ የተጻፈው መጭ

«መጀመሪያ ይኼን እዪው። ቀጥዬ ሌላውን አሳይሻለሁ።»

ኪዳነ ወልድ ይህን ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ተቅዋ የሻርፗን ጫፍ ወደ ኋላ ሰብስባ ተቀመጠችና ዓይኗን በማይክሮስኮፑ ላይ አሳረፈች። በብርሃኑ መካከል ቀይ ቀለም የጠጣች አንዲት ድቡልቡል ነገር ቆማለች፤ ዙሪያዋን እሾህ ወርሷታል። በባዶ ዓይን ከአቧራ የማትለይ የአበባ ዱቄት ቅንጣት ናት።

«መጭ ነው» አለች ሳታመነታ።

ስላይዱን ቀየረላት። ይቺኛዋም ድቡልቡል፣ ይቺኛዋም እሾሃም ናት፤ የእሾኋ አበቃቀል ብቻ ትንሽ ይለያል። ያን ትንሽ ልዩነት ለመለየት ተቅዋ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ዓይኗን አድክማለች።

«ይኼ ደግሞ ኑግ። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ፊተኛው ነው ኑጉ፣ ተቅዋ።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣም።

የተቅዋ ጥናት ዘመዳሞች ላይ ነበር። ኑግ፣ መጭ፣ ሱፍ፣ አደይ አበባ፣ ግራዋ ሳይቀር፣ ለገበሬው ለየብቻቸው ናቸው፤ ዕፅዋት የሚያጠኑ ሰዎች ግን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። እሷም የእያንዳንዳቸውን የአበባ ዱቄት ጎን ለጎን አስቀምጣ መጠኑንና እሾሁን ታነጻጽራለች። ከሁሉም የደከመችበት የኑግና የመጭ ነገር ነው። ኑግን ገበሬው ይዘራዋል፤ መጭ ሳይዘሩት በማሳ ዳር የሚበቅል የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱን በአበባ ዱቄታቸው መለየት ከተቻለ ንቦች ማሩን ከየትኛው እንደ ቀሰሙት ማወቅ ይቻላል። የጽሑፏ ዋና ግኝት ይኸው ነበር። ጽሑፏን በመምህራን ፊት ልታቀርብ የቀራት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

«ለጽሑፍሽ ጥሩ ፎቶ ላነሣልሽ ብዬ ነው» አለ ኪዳነ ወልድ ቀስ ብሎ። «ከዕፅዋት ማከማቻው ድሮ ከተሰበሰበ፣ ማንም ከማይጠራጠረው የኑግ ናሙና አዲስ ስላይድ ሠራሁ። ሳየው የአንቺ መጭ ሆነብኝ። ያመመኝ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ያው ነው። ከቁንዝላ ካመጣነው ውስጥ ኑግ ያልነው መጭ፣ መጭ ያልነውም ኑግ አለበት። ስማቸው ተገላብጧል።»

«እናስተካክለዋ! ስሙን መቀየር ነው።»

«ስምንት የአበባ ፖስታ ነው። የትኛው ልክ፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ በምን እናውቃለን? አንዱ ከተሳሳተ ሌላውን ማን ያምነናል? ለአማካሪሽ ለዶክተር መንገር አለብን።»

«ዶክተርማ እንደገና ሰብስቢ ነው የሚሉኝ።»

«አዎ።»

«አበባው እስከ መስከረም የለም፣ ኪዳነ ወልድ።»

«አውቃለሁ» አለ። «አንድ ዓመት ይሄዳል።»

«አንድ ዓመት» አለች ተቅዋ ቃሉን ደግማ።

ይህን ቃል ባለፈው ሳምንት ሰምታዋለች። ከሐይቁ ዳር ተቀምጠው ስትደብቀው የከረመችውን የነገረችው ያን ዕለት ነው፤ ኒካዋ ከዒድ በኋላ መሆኑን። ሙአዊያ የሚባል የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ የአባቷ የጥንት ወዳጅ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ትምህርቷን ትጨርስ» ተብሎ ሲጠብቅ መኖሩን። ኪዳነ ወልድ ያን ጊዜ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። ደንገሉን እያየ «እንዲያው አንድ ዓመት በኖረን» ብቻ ነበር ያለው።

እሱ የመሪጌታ ልጅ ነው፣ እሷ የሐጂ ልጅ። እሱ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ ዜማ ሲማር ቆይቶ ወደ አስኳላ የመጣ፣ ብራና ሲነኩ እንዳደጉ እጆች ቀስ ብሎ ሁሉን ነገር የሚይዝ የቤተ ሙከራ ባለሙያ። እሷ ባሕር ዳር ላይ ከኑግ ነጋዴ ቤት ተወልዳ ያደገች። በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ተራ እየተጠባበቁ ሲሠሩ፣ አንዱ የተነሣበትን ወንበር ሙቀት ሌላው እየወረሰ፣ ማናቸውም ሳይናገሩት ነበር ነገሩ ሥር የሰደደው።

አሁን ግን ያ ሁሉ ከዓይኗ ጠፋ።

«አንተ ነህ» አለች።

«ምን?»

«ስላይዱን የምትሠራው አንተ ነህ። ስሙን የምትለጥፈው አንተ ነህ። አንድ ዓመት ፈለግህ፤ ይኸው አንድ ዓመት አገኘህ!»

የኪዳነ ወልድ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ከጠረጴዛው ዞሮ መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ዓይኔን እዪና ድገሚው።»

አየችው። ከዚያ ዓይን ውስጥ ልመናም፣ ፍርሃትም፣ ፍቅርም ነበረ። እሷ ግን በንዴት ዓይን ነበር የምታየው፤ ንዴት ደግሞ የሚያየውን መርጦ ያያል።

«አንተ ነህ ያደረግኸው» አለችው ደግማ።

ነጩን ጋዋን አወለቀ፤ በጥንቃቄ አጥፎ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረው። «ይህን ካመንሽ እኔ የምጨምርበት የለኝም» አለና ወጣ። በሩ በቀስታ ተዘጋ። ወርውሮት ቢሆን ኖሮ ትጽናና ነበር። ያ ቀስታ ነው ደረቷ ላይ ተጋድሞ እስከ ቤቷ የተከተላት።

*

ያን ዓመት ረመዷንና አቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ገቡ። ከተማው በሙሉ የጾመኛ ፊት ነበረው። ተቅዋ ለአምስት ቀን ስልኳን ገልብጣ አስቀምጣ፣ አሥር ጊዜ እያነሣች አየችው። አልደወለም። በስድስተኛው ቀን አማካሪዋ ዶክተር ፅጌ ማርያም አስጠሯት።

ዶክተር ፅጌ ማርያም ቁጥብ ሴት ናቸው። አንድ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፉላት። ጽሕፈቱን ከሩቅ ታውቀዋለች፤ ቀጥ ያለ፣ የቁም ጽሕፈት የለመደ እጅ ነው።

«የተማሪ ተቅዋ ሙሀመድሰዒድ ስላይዶች ሲዘጋጁ የኑግንና የመጭን መለያ ያቀያየርሁት እኔ ነኝ። ስህተቱ ከእኔ ቸልተኝነት የመጣ እንጂ የተማሪዋ አይደለም። እሷ በዚህ ምክንያት እንዳትጠየቅ እለምናለሁ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ኪዳነ ወልድ ክንዱ።»

«ዕድለኛ ነሽ» አሉ ዶክተር። «ጥፋቱ የአንቺ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። አሁን ጊዜ ይጨመርልሻል፤ ስምሽም ላይ ምንም አይጻፍም። እሱ ግን አሳዘነኝ። እንደሱ ያለ ጠንቃቃ ልጅ አይቼ አላውቅም።»

ተቅዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንግዲህ ራሱ አምኗል። ልክ ነበርሁ አለች በልቧ፤ ልክ መሆን ግን እንዲህ ያማል ብላ አታውቅም ነበር።

«ፖስታዎቹን ውሰጃቸው» አሉ ዶክተር፣ ከቁንዝላ የመጡትን ስምንት ፖስታዎች እያቀበሏት። «የትኛው ሊተርፍ እንደሚችል አንድ በአንድ አይተሽ ንገሪኝ።»

ወደ ቤቷ፣ ወደ ዘንዘልማ የሚሄደው ባጃጅ ውስጥ ገብታ፣ ፖስታዎቹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ስልኳን አወጣችና ለኪዳነ ወልድ ሁለት ቃል ጻፈችለት። «አላህ ይይልህ።»

መልስ አልመጣም። መልስ አለመምጣቱ እንደ ክፉ መልስ ከነከናት። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ አቧራ ውስጥ ሲገባ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ነጂው ከአቧራው የሸሸች መሰለው።

*

አባቷ ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ዐስርን ሰግደው ሲመጡ ተቅዋ በረንዳው ላይ ሰፌድ ዘርግታ ፖስታዎቹን ትደረድር ነበር። ሐጂ አርባ ዓመት ሙሉ ከወረታ፣ ከይፋግና ከሐይቁ ማዶ ኑግ ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ አጠገቧ ተቀመጡ። አንዱን ፖስታ አንሥተው ግርጌው ላይ የረገፈውን ደቃቅ ፍሬ በጠርዙ ሽንቁር መዳፋቸው ላይ አራገፉት። አዩት፤ በአውራ ጣታቸው አሽተው ደግመው አዩት።

«ይኼን መጭ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ኑግ ነው፣ አባ።»

ሐጂ ሳቁ። «ልጄ፣ ነጋዴ ኑግ ላይ መጭ ቀላቅሎ ሊሸጥልኝ ስንት ጊዜ ሞከረ መሰለሽ? ፍሬው ያንሳል፣ ደብዘዝ ይላል። ዓይኔ ቢጠፋ ጣቴ ያውቀዋል።» ሁለተኛውን አራገፉ። «ይኼም መጭ።» ሦስተኛውን አራገፉ። «ይኼ ኑግ ነው። አንቺ ላዩ ላይ መጭ ብለሽ ጽፈሻል።»

«እኔ አይደለሁም፤ የቤተ ሙከራው ሰው ነው ያቀያየረው። ራሱ አምኖ ደብዳቤ ጽፏል።»

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና የመጀመሪያውን ፖስታ ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ጽሕፈቱ ግን የአንቺ አይደለም?»

ተቅዋ ፖስታውን ተቀበለቻቸው። «ኑግ፣ ቁንዝላ፣ ጥቅምት 18» ይላል። በእሷው ጽሕፈት፣ በእሷው አረንጓዴ እስክሪብቶ። አፉ እሷ ራሷ በስቴፕለር እንዳሸገችው ነው፤ ሽቦው እንኳ አልተነካም። ኪዳነ ወልድ ዱቄቱን ያወጣው በመቆንጠጫ ጫፍ፣ ጠርዙ ላይ በቀደዳት ጠባብ ሽንቁር ነው። በዚያች ሽንቁር የአበባ ራስ አይወጣም፣ አይገባም። ስላይዱ ላይ የጻፈው እሷ ፖስታው ላይ የጻፈችውን ነበር።

ያኔ ጥቅምት 18 መጣባት።

ከቁንዝላ ሲመለሱ በጀልባ ነበሩ። የኑጉና የመጩ አበባ በሁለት ፌስታል ከእግሯ ሥር ተቀምጦ፣ እሷ ከዚያም ከዚህም እየዘገነች ፖስታ ውስጥ ትጨምራለች፣ ስም ትጽፋለች። ኪዳነ ወልድ ከጎኗ ሆኖ ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስድባት በመዳፉ ከልሎላት ነበር። በድንገት፣ ሐይቁን እንጂ እሷን ሳያይ፣ «ተቅዋ፣ እወድሻለሁ። መልስ አልፈልግም፤ ብቻ አውቀሽው ኑሪ» አላት። ጎንበስ ብላ መጻፏን ቀጠለች። ምን እንደምትጽፍ፣ ከየትኛው ፌስታል እንደምትዘግን ግን ከዚያ ወዲያ አላወቀችም።

«አባ…» አለች። «እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ደብዳቤ የጻፈው ሰው ያልሠራውን ለምን ሠራሁ አለ?»

«እኔ እንዳልጠየቅ።»

«ማን ነው ሰውየው?»

«ኪዳነ ወልድ ይባላል። የቁንዝላው የመሪጌታ ክንዱ ልጅ።»

በሐጂ ጣቶች መሐል ሙስበሃው ቆመ። ልጃቸውን አዩ፤ ፖስታውን ደረቷ ላይ የያዘችበትን አያያዝ አዩ። ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቁም። መልሱን ከፊቷ አንብበውት ነበር፤ ያነበቡትም በአንድ ጊዜ አስረጃቸው።

«እኔ» አሉ፣ «አንድ ቀን ኑግ ላይ መጭ ቀላቅዬ ሸጬ አላውቅም። አንቺን ያሳደግሁሽ በዚያ ነው። የሰው ስም አጉድፈሽ በንጹሕ ስም አትመረቂም። ነገ ለመምህርሽ እውነቱን ትናገሪያለሽ። ከዚያ ልጁ ዘንድ ሄደሽ አፉ በለኝ ትዪዋለሽ።»

«እሺ፣ አባ።»

«ስለ ቀረው ነገር ግን ዛሬ አታናግሪኝ። አልችልም።»

አዛን ሆነ። እናቷ መሪየም ሾርባውን አቀረቡ። አባትና ልጅ አንድ ትሪ ከበው ተቀመጡ፤ አንደኛቸው ሌላኛቸውን እንዳያዩ ሁለቱም ሳህናቸውን ያያሉ። ተቅዋ ከጉርሻው ይልቅ የዋጠችው እፍረቷን ነበር።

*

ዶክተር ፅጌ ማርያም እስክትጨርስ ሰሟት።

«ዝም ብትዪ ማንም አያውቅብሽም ነበር እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል። ጽሑፍሽ ይመለሳል። በመስከረም ከሥሩ ትጀምሪያለሽ፤ ጊዜው የሚጨመርልሽም በትምህርት ክፍሉ ፈቃድ ከሆነ ነው።»

«እሺ።»

ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናት አዩዋት። «ልጁን ካገኘሽው፣ ደብዳቤውን ገና ለበላይ አላስተላለፍሁትም በዪው» አሉ።

ኪዳነ ወልድ አባቱ ዘንድ መግባቱን ሰምታለች። የቁንዝላ መንገድ በዚያ ሰሞን አያስተማምንም ነበር፤ በማግስቱ በጠዋቱ ጀልባ ሄደች። የመሪጌታ ክንዱን ቤት ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለጋትም። በጥቅምት አበባ ሲሰበስቡ ኪዳነ ወልድ ከሩቅ አሳይቷታል፤ ሳይገቡ ነበር ያለፉት።

በሩ ላይ ያገኟት እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። የተቅዋን ሻርፕ አዩ፣ አቧራ የጠጣ ጫማዋን አዩ።

«ከባሕር ዳር ነሽ፣ ልጄ? ግቢ። ውሃ ልስጥሽ እንዳልል ጾመኛ ትሆኛለሽ።»

«እርስዎም ጾመኛ ነዎት፣ እማማ።»

«እንግዲያስ እኩል ነን» አሉና አዘኑላት፤ ለምን እንዳዘኑላት ግን ገና አያውቁም።

መሪጌታ ክንዱ ከዋርካው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፈዋል። አጠገባቸው ኪዳነ ወልድ መጽሐፍ ዘርግቶ ያነብላቸዋል። ተቅዋን ሲያይ ንባቡ ከመሐል ቃል ላይ ተቆረጠ።

«ማን መጣ?» አሉ መሪጌታ።

ተቅዋ ወደፊት ሄደችና ከሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከች። በመንገዱ ሁሉ ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር ጠፋባት።

«ተቅዋ እባላለሁ፣ የኔታ። የባሕር ዳሩ የሐጂ ሙሀመድሰዒድ ልጅ ነኝ። ልጅዎ ሥራውን የለቀቀው በቸልተኝነቱ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ምንም አላጠፋም።»

«ተቅዋ ተይ!» አለ ኪዳነ ወልድ።

«አልተውም! እዚህ ደጅ ስሙ በእኔ ምክንያት እንዲወድቅ አልፈልግም።»

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። የሐይቁ ውሃ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም ይሰማል።

«ልጄ ቸልተኛ ነበርሁ ብሎ ሲመጣ» አሉ መሪጌታ፣ «አላመንሁትም። ከሕፃንነቱ አንዲት የዜማ ምልክት ስቶ አያውቅም። ዋሽቷል አልሁ፤ ግን ለማን ብሎ? ከመጣ ጀምሮ ይህን ሳሰላስል ቆየሁ።» ወደ ድምፅዋ ዘንበል አሉ። «ዓይን የለኝም፣ ልጄ። ጆሮ ግን አለኝ። አሁን ስሙን ስትጠሪ ሰማሁሽ።»

ተቅዋ አንገቷን ደፋች። ወለተ ጊዮርጊስ ከኋላ ሆነው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

«እውነት ለመናገር ሐይቅ ተሻግረሽ መጥተሻል» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የከበደ ሐዘን ግን ነበር። «ሌላው ነገር ከአቅሜ በላይ ነው፤ ሸክሙ የእግዚአብሔር ነው። ኪዳነ ወልድ፣ ተነሥና ሸኛት። በዋናው መንገድ። ሰው እያያችሁ።»

ከዚያ ሽማግሌ አፍ ከዚህ የበለጠ እንደማይወጣ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ይህችም ብትሆን ከበቂ በላይ ሆና አንገበገበቻቸው።

*

እስከ ጀልባው መቆሚያ ጎን ለጎን ሄዱ። ሰው ያያቸዋል። አንዳንዱ ሰላምታ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ዞሮ ያያል። ሁለቱም በአንድ ከተማ ጥጋጥግ ሲደበቁ የከረሙ ናቸው፤ በግልጽ መራመድ እግራቸውን አሰረው።

«ለምን ተናገርሽ? ሸፍኜልሽ ነበር» አለ።

«ሰው ፊት ሸፈንኸኝ። ለራሴ ግን ማን ይሸፍነኛል?»

«ፖስታዎቹን ያን ቀን ማታውኑ አይቻቸዋለሁ። ጽሕፈትሽን አየሁት። ቀኑንም አየሁት። ያን ቀን ጀልባው ላይ ዝም ብዬ ቢሆን እጅሽ ባልተሳሳተ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው አልሁ። መሸከሙ አልከበደኝም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የከበደህ?»

ቆመ። ከተለያዩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት።

«ዓይኔን እዪ አልሁሽ። አየሽኝ። አይተሽ ደገምሽው።»

ተቅዋ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ምክንያት ልትሰጠው ፈልጋ ነበር፤ ፍርሃቷን፣ ኒካውን፣ ንዴቷን ልትዘረዝርለት። ሁሉም ሰበብ ሆነባት።

«አፉ በለኝ» አለች። «በእናንተ ምን እንደሚባል አላውቅም። በእኛ አፉ በለኝ ነው።»

«በእኛ ይፍቱኝ ይባላል።»

«እንግዲያው ፍታኝ።»

ኪዳነ ወልድ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔም ፈትቼሻለሁ።»

ቃሉ እንደ ድንጋይ ወደቀባት። ይቅርታም መለያየትም በአንድ ቃል የሚነገርበት ቋንቋ እንዲህ ጨካኝ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቀችው።

«ከየትኛው ነው የፈታኸኝ፣ ኪዳነ ወልድ? ከጥፋቴ ነው ወይስ ከራስህ?»

«ከጥፋትሽ» አለ ወዲያውኑ። «ከራሴማ ብችል ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ስለቱን እከፍል ነበር። አልቻልሁም፣ ተቅዋ። መጽሐፉን ለአባቴ ሳነብ በየመስመሩ መሐል አንቺ አለሽ።»

«እኔ ወረታ አልሄድም» አለች። «ለአባቴ ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ላንተ ብዬ አይደለም። ሌላ ሰው በልቤ ይዤ የሰው ቤት ብገባ፣ ያም ሰው ይበደላል። አንድ ሰው በድያለሁ፤ ይበቃኛል።»

«እኔ አንቺን የማገባበትን መንገድ አላውቅም። አንቺም ሃይማኖትሽን አትተዪም፣ እኔም አልተውም። ተዪ ብዬም አልጠይቅሽም።»

«አውቃለሁ። እኔም አልጠይቅህም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«አላውቅም» አለች። ሁለቱም ዝም አሉ። የተዋደዱበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ እንደዚያች ዝምታ አላቀራረባቸውም።

«ደብዳቤህ ገና አልተላለፈም ብለዋል ዶክተር። መመለስ ትችላለህ።»

ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ ዓይን የለውም። አሁን ዓይኑ እኔ ነኝ። እሱን ጥዬ የምሄድበት ልብ የለኝም፤ አንቺን ልከተል የምችልበትም መንገድ የለኝም። ሥራሽን ጨርሺ። በደንብ ጨርሺው።»

የጀልባው ሰው ተጣራ። ተቅዋ ተነሣች። እጁን ዘረጋላት፤ ሰው ሁሉ እያየ ያዘችው። የማንም ዓይን አላሳፈራትም። ጀልባዋ ከዳሩ ስትለይ ኪዳነ ወልድ አላወዛወዘም፣ አልተጣራም። ዝም ብሎ ቆሞ ያያታል። እሷም እስኪጠፋት አየችው። የተሰጣትን ይቅርታ ይዛ፣ የሰጣትን ሰው ትታ መሄድ ይህን ያህል ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

*

ፀሐይ ስትጠልቅ ጀልባዋ ባሕር ዳር ወደብ ተጠጋች። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት የገበያ ሴት በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ዘረጉላት። «ፀሐይዋ ገብታለች ልጄ፤ ጠጪ።» ጠጣች። ውሃው ሲወርድ ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለው እንባ ወጣ። ሴትዮዋ አልጠየቋትም፤ ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱላት።

ወደቡ ላይ ነጭ ኮፊያ ያደረገ ሰው ብቻውን ቆሟል። አባቷ ናቸው።

«አፈጠርሽ?» አሏት።

«በውሃ። እርስዎስ?»

«እኔም ውሃ ብቻ ነው የቀመስሁ። አብረን እናፍጥር ብዬ።» በአገጫቸው ወደ ሐይቁ ማዶ አመለከቱ። «አፉ አለሽ?»

«አፉ ብሎኛል።»

«አልሃምዱሊላህ።»

«አባ» አለች። «ወረታ አልሄድም። ሙአዊያ ጥሩ ሰው ነው። ግማሽ ልብ ይዤ ቤቱ አልገባም። ይጠሉኝ፣ ይቆጡኝ፤ ግን አልዋሽዎትም።»

ሐጂ ሙሀመድሰዒድ አዩዋት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ሲመጣ አየች፤ ሲመለስም አየች። ከእሱ በኋላ የቀረው ምን እንደሆነ ስም አላገኘችለትም። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ተምር አወጡ። አንዱን ለሁለት ሰነጠቁና ግማሹን እንደ ሕፃን አፏ ውስጥ አደረጉላት።

«መጀመሪያ ብዪ» አሉ። «ለወረታ ሰዎች የሚነገረውን እኔ እናገራለሁ።»

ግማሹን እሳቸው በሉት። ከዚያ ዞረው ወደ መንገዱ ቀድመዋት ሄዱ። ከአራት እርምጃ በኋላ ግን ቀስ አሉ፤ እስክትደርስባቸው። ተቅዋ ተምሩን እያኘከች አጠገባቸው ደረሰች። ጣፋጩ ከእንባዋ ጨው ጋር ተቀላቅሎ አፏን ሞላ። ደስታ ነው እንዳትል ደረቷ ተቃጥሏል። ሐዘን ነው እንዳትል ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ።